ሽምግልናና የኢንች ቡሶላ

ሰው ሰላሙ በዝቶ ሲያስቸግረው መኪና ይገዛል። እኔም ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን አስገብቼ ከማዞሬ በፊት ዓይኔን እጨፍናለሁ። ባለቤቴ መሠረት በሩ ላይ ቆማ፣ «ምነው፣ ስታያት ነው እንዴ የማትነሳው?» ትለኛለች። መርፌ የሚወጋ ሰው እያየ ይወጋል እንዴ? እኔ ደግሞ ሳልወጋ የሚያመኝ ሰው ነኝ። ደመና ሳይታይ ጣሪያዬ ያፈሳል፤ ልጄ ፈተና ሳትገባ እኔ እወድቃለሁ።

መኪናዬ ነጭ ናት። ስለ እሷ የማውቀው ይህንኑ ነው። ሆሳዕና ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ ወንዝ፣ ስለ ተራራ፣ ስለ ወረዳ ጠይቁኝ። የሞተሩን ክዳን ከፍቼ ሳይ ግን ስም ያልተጻፈበት ካርታ ፊት የቆምኩ ይመስለኛል። ሁሉም ነገር ወደ ሆነ ቦታ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሆነ ግን አይናገርም።

ታዲያ በዚህች መኪና ላይ የወንድሜ ትዳር ተጫነ።

ታናሽ ወንድሜ ተመስገን ቤተልሔም የምትባል የዱራሜ ልጅ ይወዳል። ልጅቷም ትወደዋለች፤ ችግሩ አባትየው ናቸው። አቶ አሰፋ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ሰው ሲሆኑ፣ በዱራሜ የሚታወቁት በሰዓታቸው ነው። ሠርግ ላይ ሙሽራው ዘገየ ብለው ምሳ ሳይበሉ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰው ናቸው ይባላል። ሽማግሌ እንዲላክባቸው የፈቀዱት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ሽማግሌዎቹን የማደርሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ማን እንዳዘዘኝ አላውቅም። መኪና ያለው ሰው ሳይጠየቅ ይታዘዛል።

ሰኞ ጠዋት ዓይኔን ጨፍኜ ቁልፉን አዞርኩ። ጸጥ። ዓይኔን ገልጬ አዞርኩ። ጸጥ።

ማሙሽ የሚባል መካኒክ አለኝ። ያን ሰሞን ለቅሶ ሄዶ ሐዋሳ ነበር። ደወልኩለት።

«ማሙሽ፣ ሞተች!»

«ኧረ! ማን?»

«መኪናዬ።»

«ቲቸር፣ እኔ እዚህ ለቅሶ ላይ ነኝ፤ አታስደንግጠኛ! ቁልፍ ስታዞር ምን ትላለች?»

«ምንም አትልም።»

«መብራቷስ?»

«መጣ ይላል፣ ይጠፋል።»

«በቃ አይዞህ። ሞርሲቶ ነው። ሞርሲቶ ጋ ሄደህ እየው...» አለና ድምፁ ተቆራረጠ፤ መስመሩም ጠፋ።

ሞርሲቶን ማን ያጣታል? ሚሻ የሚባለው ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ስንት ተማሪ አስተምሬ ልኬባታለሁ። ጎበዝ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ እዚያ ከፍቶ ይሆናል አልኩና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሞርሲቶ ደርሼ ከወዲያ ወዲህ ስንከራተት አንድ ሱቅ በር ላይ የተቀመጡ ሰውዬ በሀዲይሳ ቋንቋ ሰላም አሉኝና ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ።

«መኪና የሚሠራ ሰው ፈልጌ ነው።»

ሰውየው ከኋላዬ አዩ፤ ከጎኔም አዩ። «መኪናው የታለ?»

«ሆሳዕና።»

«ታዲያ አንተ ምን ልትሆን መጣህ?»

ስልኬን አውጥቼ ለማሙሽ ደወልኩ። «ሞርሲቶ ደርሻለሁ፤ በየት በኩል ልሂድ?» አልኩት። ከዚያ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ ሲስቅ ሰማሁት። አንዲት ሴት ስትቆጣውም ሰማሁ።

«ቲቸር፣ ሞርሴቶ ነው እኮ ያልኩህ! ሞ-ር-ሴ-ቶ! የባትሪውን ራስ ጨብጦ የሚይዘው ብረት። ላልቶ ነው። በአስር ቁጥር መፍቻ ቁልፍ ጠበቅ ማድረግ ብቻ ነው። ሰው ቤቱ ላለ ዕቃ አገር አቋርጦ ይሄዳል?»

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ለመሠረት በስልክ ስነግራት የሰማኝ ሁሉ ይጠቋቆማል። ከጎኔ የተቀመጡ እናት ግን በእውነት አዘኑልኝ፤ «አይዞህ ልጄ፣ ዋናው መገኘቱ ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ቁም ነገሩ አንዲት ቁልፍ መግዛት ነበር። መሠረትም አስጠንቅቃኛለች፤ «አስር ቁልፍ ብለህ ገዝተህ ና፤ ሌላ ነገር እንዳታይ።» እሷ ታውቀኛለች። ለሳሙና ወጥቼ በርሜል ይዤ ገብቻለሁ።

የሸምሱ የግንባታና የመኪና ዕቃ መደብር ገበያው አጠገብ ነው። ሸምሱ ትዕግሥተኛ ነጋዴ ነው። «አስር ቁልፍ» ስለው ወዲያው አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። ያን ጊዜ ወስጄ ብወጣ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር። ግን ቆም ብዬ አሰብኩ። ሞርሴቶው ከላላ ከጎኑ ያለውስ? እሱን የያዘውስ ነገር? ቅዳሜ በዱራሜ መንገድ አንጋጫ ከተማ ጋ ስንደርስ ሌላ ቡሎን ቢላላና ቁጥሩ አስራ ሁለት ቢሆን፣ አስር ቁልፍ ይዤ ልቆም ነው?

«ሸምሱ፣ ሁሉንም የሚፈታ የለህም?»

«ሁሉንም የሚፈታ እሱ አንድዬ ብቻ ነው» አለና ሳቀ። «ደግሞ መኪናህ ምን ዓይነት ናት?»

«ነጭ።»

ሸምሱ ጎንበስ ብሎ ሳቁን ዋጠና ሳጥኖች ደረደረልኝ። እዚህ ላይ ነው የጠፋሁት። ቡሶላ የሚሉት የቡሎኑ ራስ ላይ እንደ ቆብ የሚጠልቅ መፍቻ ብረት ነው። አንዱ አፉ ስድስት ጎን ነው፤ ሌላው አሥራ ሁለት። አንዱ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ጥቁር ነው። እጀታው አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም፤ ረጅሙ ጉልበት አለው፣ ቡሎን ግን ይቆርጣል ይሉታል፤ አጭሩ አይቆርጥም፣ ግን አይፈታም። ካቻቢቴው ባለ መስቀል፣ ፒንሳው ባለ ጎማ እጀታ። እየነካሁ አስቀምጣለሁ፣ እያስቀመጥኩ አነሳለሁ። ኋላዬ ምስማር ሊገዙ የመጡ ሰዎች ተሰልፈዋል። ጆሮዬ ሲግል ይታወቀኛል።

በመጨረሻ ከላይ መደርደሪያ አንድ ቀይ ሳጥን አየሁ። ሸምሱ አወረደውና ሲከፍተው መደብሩ ውስጥ ብርሃን የገባ መሰለኝ። ቡሶላዎቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ እንደ መዘምራን ተደርድረዋል።

«ይሄ የኢንች ነው» አለኝ። «አንተ የምትፈልገው የሚሊ ነው ወይስ የኢንች?»

ኢንችና ሚሊ! ክፍል ውስጥ ብጠየቅ እመልሳለሁ። ግን ሰልፉ ሁሉ አፌን እያየ፣ የተማረ ሰው ነኝና አላውቅም ማለት ከበደኝ። ደግሞ በልቤ ኢንች ከሚሊ ይበልጣል አልኩ። ከሚያንሰው የሚበልጠውን መያዝ አይሻልም?

«የኢንች!» አልኩ ኮራ ብዬ።

«እርግጠኛ ነህ ቲቸር?»

«እኔ ሁልጊዜ በኢንች ነው የምሠራው።»

ከተሰለፉት መካከል አንዱ በአክብሮት መንገድ ለቀቀልኝ። አስር ቁልፏ ባንኮኒው ላይ ቀረች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግቢዬ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቼ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። መሠረት ልብስ እያሰጣች በዓይኗ ትከታተለኛለች። አንዱ ቡሶላ በሞርሴቶው ቡሎን ላይ አልገባ አለኝ፤ ቀጥሎ ያለው ገባ። ትንሽ ይሰፋል፤ ግን ገባ። አዞርኩት። «ክርክር» አለ። ደግሜ አዞርኩ። «ክርክር።» የመጥበቅ ድምፅ ይሄ ነው አልኩ። ለካስ የቡሎኑን ጎን እየላጨሁ ድንች እያስመሰልኩት ነበር። ቁልፉን ሳዞር ግን መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች! ሞርሴቶውን ስነቀንቀው በቦታው ተመልሶ ነበር እንጂ የጠበቀ ነገር አልነበረም፤ እኔ ይህን በምን አውቄ። ያን ቀን ለሰላምታ የመጣ ሰው ሁሉ ሳጥኑን ሳያይ አልተመለሰም።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቼን ጫንኩ። አንደኛው የአባቴ ወንድም ጋሽ ላምቤቦ ናቸው፤ ነገር አዋቂ፣ ከዘራቸውን ሳይዙ የማይናገሩ። ሁለተኛው ወንጌላዊ ማርቆስ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው። ሁለቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አሥረው፣ ከኋላ ተቀምጠዋል። ተመስገን መስኮቱን ይዞ፣ «ወንድም ጋሼ፣ አደራ፣ ሰዓት!» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። በጭንቀት የምንመሳሰል መሆናችን የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አንጋጫን በሰላም አለፍን። ጋሽ ላምቤቦ ኋላ ሆነው ንግግራቸውን ይለማመዳሉ፤ «ዝምድና ፈልገን፣ ደጃችሁን ብለን...» ሲሉ መኪናዋ ከፊት ሆና ደከመች። መብራቷ ጠፋ፤ ሞተሯ ጠፋ። በቁልቁለቱ ትንሽ ተንሸራተን እንሰት ከተተከለበት አንድ ግቢ አጥር ሥር ቆምን።

«ደረስን?» አሉ ጋሽ ላምቤቦ።

«አልደረስንም ጋሼ። አንዴ ጠበቅ ላድርጋት።»

«ከመነሳታችን በፊት አላጠበቅሃትም?»

ይህን ጥያቄ እንዳልሰማሁ ሆኜ ወረድኩ። ሳጥኑን በኩራት ብድግ አድርጌ የሞተሩ ጠርዝ ላይ ከፈትኩት። ትልቁ አልያዘም፤ ዙሪያውን ይዞራል። ትንሹ አልገባም። መካከል ላይ ያለውን ልሞክር ስል ሳጥኑ አዘነበለና መዘምራኑ በሙሉ መንገዱ ላይ ተበትነው ቁልቁል መንከባለል ጀመሩ።

«ያዟቸው!» ብዬ ጮህኩ።

አቤት ያን ቀን! ወንጌላዊ ማርቆስ ክራባታቸው ትከሻቸው ላይ ተወርውሮ፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ቁልቁል ይሮጣሉ። ጋሽ ላምቤቦ በከዘራቸው እንደ ገና ተጫዋች እያገዱ ያስቆማሉ። አንዷ ቡሶላ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ እንሰቱ ውስጥ ገባች። የግቢው እመቤት ብቅ ብለው፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሽማግሌ በእንሰታቸው ሥር በአራት እግራቸው ሲሄዱ ቢያዩ በከምባትሳ ቋንቋ አንድ ነገር ጮኹ። ወንጌላዊው ከእንሰቱ ውስጥ ሆነው፣ «ሰላም ነን እናቴ፣ ለሽምግልና ነው የመጣነው!» አሏቸው። ሴትየዋ ግራ ተጋብተው፣ «ለማን?» አሉ። በኋላ ነገሩ ሲገባቸው ግን እኛ ከሳቅነው በላይ ሳቁና ከቤታቸው ቁራጭ ቆርቆሮ አመጡልን። በሞርሴቶውና በባትሪው ራስ መካከል ቆርቆሮውን ሰካሁት፤ ጋሽ ላምቤቦ በከዘራቸው እጀታ መታ መታ አደረጉት። ወንጌላዊ ማርቆስ እጃቸውን ሞተሩ ላይ ጭነው ሊጸልዩ ሲሉ ስለፈጃቸው፣ ከሩቅ ዘርግተው ጸለዩ። ተነሳች።

ዱራሜ ስንገባ ረፋዱ አልፏል። አቶ አሰፋ በራቸው ላይ ቆመው የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፂማቸውን የተላጩ ሰው ናቸው። እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ስለነበረ በክርኔ ጨበጥኳቸው። ወንጌላዊው ጉልበት ላይ የእንሰት ቅጠል ተጣብቋል። ቤተልሔም በጓዳው መጋረጃ ጫፍ አየችንና መልሳ ተደበቀች።

ጋሽ ላምቤቦ ቆመው ንግግራቸውን ጀመሩ።  በቃ፣ ወንድሜን አጠፋሁት፤ ዕድሜ ልኩን ሳያገባ ቤቴ ጓዳ ውስጥ ሲያረጅ ታየኝ። ንግግሩ ሲያልቅ አቶ አሰፋ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «የልጅቷን ነገር እንመክርበታለን» አሉ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። «መጀመሪያ ግን፣ ለምን ዘገያችሁ?»

ጥቁር እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ቆማ... ሞርሴቶው ላልቶ... ቡሶላ ገዝቼ ነበር፤ ግን አልገባም አለ።»

«ለምን አልገባም?»

«የ... የኢንች ሆኖ።»

አቶ አሰፋ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ሊያባርሩን መስሎኝ እኔም ብድግ አልኩ።

«የኢንች ቡሶላ አለህ?» አሉኝ ዝግ ባለ ድምፅ። «ሙሉውን?»

ከጓዳ ባለቤታቸው ወይዘሮ አማረች፣ «ወይ ጌታዬ፣ አለቀልን!» ሲሉ ተሰማ።

አቶ አሰፋ ክንዴን ይዘው በጓሮ በኩል ወሰዱኝ። በቆርቆሮ ጥላ ሥር አንድ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ድንጋይ ላይ ቆሟል። ጎማ የለውም። ሥሩ ዶሮዎች ይታቀፋሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ መንገድ የሠሩበትን መኪና መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያስወግደው ገዝተው፣ ጡረታ ሲወጡ በእጄ አድሰዋለሁ ብለው ፈታተውት፣ ቡሎኑ ሁሉ የኢንች ስለሆነ መፍቻ አጥተው እንደተበተነ ቀርቷል። «ሁሉም ሱቅ ሚሊ፣ ሚሊ ይለኛል» አሉ። ሳጥኑን ከመኪናዬ አምጥቼ ከፈትኩላቸው። አንዷን ቡሶላ አንስተው አንድ የዛገ ቡሎን ላይ ቢያጠልቋት፣ ጠቅ! ብላ ገባች። እኚያ የሚፈሩ ሰው እንደ ሕፃን ሳቁ።

ከዚያማ ኮታቸውን አወለቁ። እኔም መኪናው ሥር ገባሁ። ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎቹ ከወይዘሮ አማረች ጋር ቆጮና አይብ ይበላሉ፤ እኔ ጀርባዬ ላይ ተኝቼ ዝገት እበላለሁ። ስልኬ ጮኸ፤ ተመስገን ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ምን አሉ?»

«ያዝ አሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን! ልጅቷን?»

«ኧረ ቡሎኑን!»

«ምን?»

«ቆይ፣ ዘይት ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነው» ብዬ ዘጋሁት። በኋላ እንደነገረኝ፣ ያን ቀን ውሃ እንኳን በጉሮሮው አልወረደም።

ማምሻውን ስንነሳ አቶ አሰፋ፣ «መልሱን በሚመጣው ቅዳሜ እናሳውቃለን» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሳጥኑ ግን እዚሁ ይደር» አሉ። በመንገድ ላይ ጋሽ ላምቤቦ፣ «እንግዲህ መያዣ ሰጥተናል» እያሉ ይስቃሉ። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። እምቢ ቢሉ፣ ልጅ የከለከለን ሰው ቤት ሄጄ ቡሶላዬን መልሱ እላለሁ?

እምቢ አላሉም። ሰጡን። ቀኑም ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስልክ የሚደወለው ለአማቻቸው ለተመስገን ሳይሆን ለእኔ ሆነ። «ሞተሩን አወረድነው እኮ፤ የት ደርሰሃል?» ይሉኛል። ለራሴ መኪና ማሙሽ አዲስ ቡሎንና አስር ቁልፉን ይዞ መጥቶ በአንድ ደቂቃ አጠበቀልኝና ተገላገልኩ። የሳቸውን ግን ፈታን፣ አጠብን፣ ገጠምን፣ ጎማም አስገባንለት። እሳቸው ያዛሉ፣ እኔ አጠብቃለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ሁለታችንም እንከራከራለን።

ሠርጉ ሲቃረብ ሽማግሌዎቹና ዘመድ አዝማድ ለመጨረሻ ምክክር ዱራሜ ተሰበሰቡ። አቶ አሰፋ ሁሉንም ወደ ጓሮ ጠሩና አሮጌውን መኪና አስነሱት። ጭሱ ዶሮዎቹን በተናቸው፤ ድምፁ አጥር ላይ ሕፃናት አንጠለጠለ። ሰው አጨበጨበ። እሳቸውም እጃቸውን አንስተው፣ «ልጄን እስከ ሆሳዕና የማደርሳት እኔ ነኝ፤ በዚህ መኪና!» አሉ። ወይዘሮ አማረች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

እኔ ላብ አጠመቀኝ። ምክንያቱም እጄን ኪሴ ብከት የሆነ ቀዝቃዛ ነገር ነካሁ። ያለፈው ቅዳሜ ከመኪናው ሥር ሆኜ ኪሴ ያስቀመጥኩት ቡሎን ነው። ከየት እንደፈታሁት አላስታውስም። ከመሪው ይሆን? ከፍሬኑ? ሙሽራዋ ነጭ ለብሳ፣ አባትየው መሪውን ነቅለው በእጃቸው እንደያዙ ገደል ሲገቡ ታየኝ።

ወንጌላዊ ማርቆስ መኪናውን ለመባረክ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሰው ሁሉ አብሮ ጨፈነ። እኔ ሹልክ ብዬ አቶ አሰፋ ጎን ቆምኩና ቡሎኑን በመዳፌ አሳየኋቸው።

«ጋሼ» አልኳቸው በሹክሹክታ፣ «ይቺ ተርፋ ኪሴ ውስጥ አገኘኋት። ሳንነግራቸው...»

አቶ አሰፋ ቡሎኑን አዩ። ባለቤታቸውን አዩ፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል። ከዚያ ቀስ ብለው የኮታቸውን ኪስ ከፈት አድርገው አሳዩኝ። ውስጡ ሦስት ቡሎን ተኝቷል።

«ዝም በል» አሉኝ።

ወንጌላዊው «አሜን በሉ» ሲሉ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አጥሩ እስኪነቃነቅ አሜን ያልነው እኔና አቶ አሰፋ ነበርን።